ሰባት ኪሎ የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ አለ፤ አምስት ኪሎ አለ፤ ስድስት ኪሎ አለ። ሰባት ኪሎ የሚባል ሰፈር ግን የለም። ይህን ያነሣሁት ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት፣ ከጃናሞራ መካነ ብርሃን ሊነሡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ደጃፌ ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ይህ ሰባት ኪሎ የሚሉት ወዴት ነው? ልጄ በስልክ ‹ከሰባት ኪሎ እንዳያልፍብሽ› አለችኝ፤ እኔ እንደሆነ የምወርደው ቦሌ ነው» ብለው ስለ ጠየቁኝ ነው።

ልጃቸው አዲስ አበባ ወልዳለች። እሳቸው አራስ ሊጠይቁ ነው፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩም የመጀመሪያቸው ነው። እንደ ልማዴ ከቃሉ ጀመርኩ። የእነ አራት ኪሎ «ኪሎ» የርቀት ነው፤ ኪሎ ሜትር ነው ይባላል። የልጅዎ ኪሎ ግን የክብደት ነው፤ ኪሎ ግራም። በእጅ ይዘውት የሚገቡት ሻንጣ ከሰባት ኪሎ ግራም አይብለጥ ማለቷ ነው አልኳቸው። «አሃ» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሦስት ማታ ቡና እየጠጣን የተነጋገርነውን ነው እዚህ የማሰፍረው፤ ከእሳቸው በኋላ አምስት ስድስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ስለ ጠየቀኝ አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ይሻላል።

ሻንጣን ለአየር መንገዱ አስረክቦ መሄድ እየተቻለ ለምን በእጅ ሻንጣ ብቻ? በአውቶቡስ የኖረ ሰው ይህን አይጠይቅም። ከመካነ ብርሃን ደባርቅ፣ ከደባርቅ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ጎንደር የወረደ መንገደኛ ጓዙ ፖርቶመጋላ ላይ ሲታሰር እንዴት እንደሚሳቀቅ ያውቃል። መኪናው በቆመ ቁጥር አንገቱን በመስኮት ያወጣል። ሸራው ተገልጦ ይሆን? ዝናቡ ሽሮውን አርሶት ይሆን? ጎረቤቴ አንድ ጊዜ አንድ ማዳበሪያ ድንች ጭነው ሄደው፣ መናኸሪያ ሲደርሱ ድንቹ ከሌላ ሰው ጋር ወርዶ ጠበቃቸው፤ ማለቴ አልጠበቃቸውም። ከዚያ ወዲህ «ዕቃዬን ከዓይኔ አላርቅም» ይላሉ።

እኔ ግን በእጅ ብቻ መሄድ ለሁሉም ነው አልልም። ሠርግ የሚሄድ፣ ቅቤና ማር የሚጭን፣ ከርሞ የሚመለስ ሰው ሻንጣውን ያስረክብ። ለሦስት ለአራት ቀን ጉዳይ፣ ለሕክምና ቀጠሮ፣ ለፓስፖርት፣ ለልቅሶ ለሚሄድ ግን አንድ ሻንጣ በቂ ነው። ሲወርድ ተሽከርካሪው ቀበቶ አጠገብ ቆሞ የሰው ሻንጣ ሲዞር አያይም፤ በቀጥታ ወደ በሩ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ማታ የሚዛን ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ለሚሳፈር ሰው አንድ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል፤ ክብደቱ እስከ 7 ኪሎ ግራም፣ ቁመቱ እስከ 55፣ ወርዱ እስከ 40፣ ውፍረቱ እስከ 23 ሴንቲ ሜትር። ሜትር የሌለው በገላው ይለካ። 23 ሴንቲ ሜትር ረዘም ያለ የጎልማሳ ስንዝር ነው፤ 40 ክንድ ሊሞላ ጋት የጎደለው ነው፤ 55 ደግሞ አንድ ክንድ ከጋት ያህል ይሆናል። ሌላ አየር መንገድ ሌላ ቁጥር ይኖረዋልና የሰው ወሬ ሳይሆን የያዛችሁትን ትኬት አንብቡ።

«ለምን ሰባት ሆነ? አስር ቢሆን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ተማሪ እንዲህ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ከአዘዞ፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ አዲስ አበባ ብዙ ጊዜ የሚበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ ኪው 400 ይሉታል፤ አየር መንገዱ የመጀመሪያውን የተረከበው በ2002 ዓ.ም. ነው። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር አለ፤ ከአናት በላይ ያለው መደርደሪያም እንደ ትልልቆቹ ጄቶች ሰፊ አይደለም። አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሰባ ሰው አስር አስር ኪሎ ይዞ ቢገባ 700 ኪሎ ይሆናል። ሰባት ሰባት ቢይዝ 490። ልዩነቱ 210 ኪሎ ነው፤ ሁለት ኩንታል እህል ከነትርፉ ማለት ነው። ያንን ሁለት ኩንታል የተቀመጠ ሰው አናት ላይ ነው የምንሰቅለው። ጎረቤቴ ቀና ብለው የቤቱን ቆርቆሮ አዩና «ሰባት ይሁን» አሉ።

ሚዛን ከየት ይገኛል? የእህል ነጋዴው ዘንድ አለ፤ ነገር ግን የእሱ ሚዛን ለኩንታል የተሠራ ነውና ግማሽ ኪሎ ለእሱ ምንም አይደለም። የተሻለው ጤና ጣቢያ ያለው የሰው ሚዛን ነው። መጀመሪያ ብቻችሁን ቁሙበት፤ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዛችሁ ቁሙበት፤ ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀንሱ። ቀሪው የሻንጣው ክብደት ነው። ይህን ስናደርግ የጎረቤቴ የልጅ ልጅ አብሮን ነበር፤ መቀነስ የገባው ያን ቀን ነው።

ባዶውን ሻንጣ መመዘን አትርሱ። ጠንካራ ፕላስቲክ የለበሰ ባለ ጎማ ሻንጣ ራሱን ብቻ ሦስት ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ከሰባት ሦስት ሲነሣ አራት ይቀራል፤ ገና ምንም ሳትይዙ ግማሽ ያህሉ ሄደ። ጎማው ደግሞ በመካነ ብርሃን ኮረኮንች ላይ ምን ይሠራል? ከሸራ የተሰፋ፣ በትከሻ የሚነገት ቦርሳ አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ማታ የሒሳብ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዋናው ትምህርትም ይኸው ነው። ደብተር አወጣሁና በግራም ጻፍን። ቦርሳው 900። ሁለት ቀሚስ 500። ሹራብ 500። የውስጥ ልብስና ካልሲ 400። ነጠላ ጫማ 400። ሳሙና፣ ቅባት፣ የጥርስ ብሩሽ 500። ወረቀት፣ የሕክምና ካርድ፣ መነጽር 600። የስልክ ቻርጀርና ፓወር ባንክ 500። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ 500። ድምር 4,800 ግራም። ከ7,000 ላይ ሲቀነስ 2,200 ይቀራል።

ጋቢው አልተጻፈም ብላችሁ ይሆናል። ጋቢ አይታሸግም፤ ይለበሳል። ወፍራሙ ጫማም እግር ላይ እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይገባም። ከጃናሞራ ብርድ የተነሣ ሰው ጋቢ ደርቦ ቢሄድ የሚደነቅበት የለም፤ ሚዛን ላይ የሚወጣውም ቦርሳው እንጂ ሰውየው አይደለም። ይህ ማታለል አይደለም፤ ደንቡ የሚለው እንዲሁ ነው።

«እንግዲህ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ትርፍ አለኝ» አሉ ጎረቤቴ። የለዎትም አልኳቸው። ያ የአደራ ነው።

የእኛን ሰው ሻንጣ የሚያከብደው የራሱ ልብስ አይደለም። ልሄድ ነው ብሎ ካወራበት ጊዜ ጀምሮ የሚመጣው ነው። አንዷ «ይህችን ሽሮ ለልጄ» ትላለች፤ ግማሽ ኪሎ ናት። አንዱ «ይቺን የጠላ ብቅል ለወንድሜ» ይላል። የንስሐ ልጅ፣ የማኅበር እኅት፣ የአማች ዘመድ ይመጣል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ብቻ የተላከ ይመስለዋል። መንገደኛው «አይቻልም» ማለትን አያውቅበትም፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲባል ያደገ ነውና። በዚህ ምክንያት አዘዞ ሲደርስ በቀኝ እጁ ሻንጣ፣ በግራው ፌስታል፣ በብብቱ አገልግል ይዞ ይቆማል። አንድ የእጅ ሻንጣ የሚለው ደንብ ፌስታሉንም ሊቆጥረው ይችላል።

ስለዚህ አደራን አስቀድማችሁ በጀት ያዙለት። ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ካለ፣ በዚያ ልክ ተቀበሉ፤ ሲሞላ ሞላ በሉ። ጎረቤቴ የደብተሩን ገጽ ቀድደው መሶቡ ላይ አኖሩት፤ የመጣውን ሰው ሁሉ እየመዘኑ ያጽፉት ነበር። በቁጥር የተነገረው ሰው አይቀየምም፤ «ደብተሩ ሞልቷል» ማለት «አልወስድልሽም» ከማለት ይቀላል።

ሁለተኛው ነገር ከክብደትም ይከብዳል። የታሸገ አደራ አትቀበሉ። ጥቅሉ በላኪው ፊት ይከፈት፤ ውስጡን እዩት፤ ራሳችሁ መልሳችሁ አስሩት። አውሮፕላን ማረፊያ «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያሸግኸው? ሰው የሰጠህ ነገር አለ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ ውስጡ ለሚገኘው ነገርም ተጠያቂው የያዘው እንጂ የላከው አይደለም። በተለይ ከቦሌ ወደ ውጭ የሚያልፍ ሰው ይጠንቀቅ። ጫት እኛ አገር በየገበያው ይሸጣል፤ አሜሪካ ግን ክልክል ነው፤ እንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላዋለች። ደርቆ «የሻይ ቅጠል ነው» ተብሎ የተላከ ጫት ይዞ የተገኘ ሰው «አደራ ነበር» ቢል የሚሰማው የለም። ክፈችልኝ ማለት ያሳፍራል ካላችሁ ማሽኑን አሳብቡ። «እኔስ አምንሻለሁ፤ ማሽኑ ግን ይጠይቀኛል» በሉ። ማሽን አይቀየምም።

ከዚያ ስለ ቅቤ ተከራከርን።

ጎረቤቴ ለአራስ ሁለት ኪሎ ቅቤ ሊይዙ አስበው ነበር። «ድንጋይ ነው እኮ፣ መቼ ይፈሳል?» አሉ፤ መካነ ብርሃን ላይ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የበረራ ፍተሻ «ፈሳሽ» የሚለው የሚፈሰውን ብቻ አይደለም። የሚቀባውን፣ የሚረጨውን፣ የሚላቆጠውን ሁሉ ይጨምራል፤ ቅቤም፣ ማርም፣ ቅባትም፣ የጥርስ ሳሙናም ከዚያ ወገን ናቸው። ይህ ደንብ የመጣው በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ለንደን ላይ፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተደበቀ ፈሳሽ ፈንጂ ይዘው ወደ አሜሪካና ካናዳ በሚበሩ አውሮፕላኖች ሊሳፈሩ ያሴሩ ሰዎች ከተያዙ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም አቀፍ በረራ ላይ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ እያንዳንዱ ዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሊትር በሚይዝ፣ ውስጡ በሚታይና አፉ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ልብ በሉ፤ የሚታየው የዕቃው መጠን እንጂ የቀረው አይደለም። የ200 ሚሊ ሊትር ቅባት ጠርሙስ ታቹ ላይ ሩብ ቢቀረውም አያልፍም። አንዳንድ አየር ማረፊያዎች አዲስ መመርመሪያ አስገብተው ይህን ማላላት ጀምረዋል፤ ሌሎቹ ግን አላላሉም፤ መንገደኛ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ማረፊያ ያልፋል፤ የጠበቀውን ቆጥሮ መነሣት ነው የሚሻለው።

የእሳቸው ጉዞ በአገር ውስጥ ቢሆንም፣ ቅቤውን ከወደዱ ሻንጣውን ያስረክቡት፣ በእጅ ብቻ ከፈለጉ ቅቤውን ይተዉት አልኳቸው። ተዉት። ልጅዎ ሾላ ገበያ ቅቤ ታገኛለች ስላቸው የመለሱልኝን እዚህ አልጽፈውም። በቅቤው ፈንታ የገንፎ ዱቄት አንድ ኪሎ ያዙ።

ዱቄት ደረቅ ነውና ከዚህ ነገር ነጻ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ግን አንድ ማስታወሻ አለ። ከሰኔ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሲያዝ ለብቻው ይፈተሻል፤ ካልተጣራ አይገባም። 350 ሚሊ ሊትር ማለት ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ እምብዛም የማይበልጥ ነው። በርበሬና ሽሮ ለአሜሪካ ዘመድ የሚወስድ ሰው ያንን ያስረክብ። ቋንጣ አሜሪካም አውሮፓም አይገባም፤ ቅቤ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ቢያስረክቡትም ክልክል ነው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቅዳሉ፤ በእጅ ግን አይደለም።

ዱላ ሌላ ነገር ነው። የእኛ አገር ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም፤ አውሮፕላን ግን ዱላውን አያስገባውም። ሽማግሌ ተመርኩዞ የሚሄድበት ምርኩዝ በኤክስሬይ ታይቶ ያልፋል፤ ትከሻ ላይ የሚጋደመው ግን አያልፍም። ጎንደር የምታውቁት ሰው ዘንድ አኑሩት። መቋሚያ የያዘ ካህን ወይም ዲያቆን አስቀድሞ ቢያስረክበው ይሻላል። ቢላ፣ ምላጭ፣ ማጭድ ሳይባል ይታወቃል፤ የሚረሳው ኪስ ውስጥ የሰነበተው ሰንጢ ነው። ከቤት ሳትወጡ ኪሳችሁን ገልብጡ።

ስለ ፓወር ባንክ ባጭሩ። ይህ ከሌላው ዕቃ ተቃራኒ ነው፤ በእጅ እንጂ ተረክቦ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሄድም። ባትሪው እሳት ቢያነሣ ሰው ያለበት ቦታ ላይ ቶሎ ይታያል፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል? ልኩ 100 ዋት ሰዓት ነው። ጀርባው ላይ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ከተጻፈ በ3.7 ቮልት አባዙት፤ ለ1,000 አካፍሉት፤ 74 ይመጣል፤ ያልፋል። 30,000 ከሆነ 111 ነው፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይያዝም። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ማንም አያሰላላችሁም፤ ቤት ተዉት።

ሦስተኛው ማታ ሻንጣ አልነካንም፤ ትኬቱን አነበብን። ከከባድ ሻንጣ ይልቅ በተሳሳተ ሰዓት የቀረ መንገደኛ ነው ብዙ የማውቀው።

ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ቀንና በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07:10 ካለ ስድስት ቀንሱ፤ ጠዋት 1:10 ነው። 13:40 ካለ ስድስት ቀንሱ፤ ከቀኑ 7:40። 22:45 ካለ ስድስት ስትቀንሱ 16:45 ይሆናል፤ ከአሥራ ሁለት ስለ በለጠ ደግማችሁ አሥራ ሁለት ቀንሱ፤ ምሽት 4:45። ከስድስት ሲያንስ ደምሩ፤ 00:30 ማለት ከሌሊቱ 6:30 ነው። እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ የእኛ ቀን ሲነጋ። ትኬቱ «15፣ 00:30» ካለ በ14 ማታ ነው ቦሌ መገኘት ያለባችሁ። በ15 ማታ ሻንጣውን ይዞ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ በዚያ ሰዓት ገደማ ስለሚነሡ ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ አስደግማለሁ።

ስማችሁ በትኬቱና በመታወቂያው ላይ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል እዩ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል፤ የአያት ስም የሚያስገባ አለ፣ የሚያስቀር አለ። ስሕተት ካለ ትኬቱን ከቆረጠው ቢሮ ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር እንጂ በር ላይ መማጸን አይጠቅምም።

አዘዞ ስትደርሱ ቀበቶ፣ ሳንቲም፣ ስልክ፣ ጋቢ ሁሉ ወደ ሳጥኑ ይገባል፤ ጫማም አውልቁ ሊባል ይችላል። የተቀደደ ካልሲ አትልበሱ፤ ይህ የእኔ ምክር ነው፣ የአቪዬሽን ሕግ አይደለም።

አውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ስትደርሱ አንድ ነገር ሊያጋጥም ይችላል። መደርደሪያው ጠባብ ስለሆነ ሠራተኞቹ ጎላ ያለውን ሻንጣ ወረቀት አስረው ወደ ጭነት ክፍል ያስገቡታል። ጎረቤቴ እንዲያ ቢሆን እንደሚያለቅሱ ስለማውቅ ትንሽ የአንገት ቦርሳ አሰፋሁላቸው፤ መታወቂያ፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ፓወር ባንክ እዚያ ውስጥ ሆኖ በትልቁ ቦርሳ ውስጥ ከላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ስጡ ሲባል ትንሹን መዝዞ ትልቁን መስጠት ነው።

ስለ ጆሮ ጠየቁኝ፤ «ይደነቁራል አሉ»። ሳቅሁ። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር በ2,400 ሜትር ከፍታ ካለው አየር ያነሰ እንዳይሆን ተደርጎ ይጠበቃል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ደባርቅ ላይ ቡና የጠጣ ሰው አውሮፕላን ሲሳፈር፣ ለጆሮውም ለሳንባውም ቁልቁል እንደ ወረደ ነው። አዘዞ ላይ ተገጥሞ የተዘጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ በበረራ ላይ ሊነፋ ይችላል፤ ደባርቅ ላይ የተዘጋው ግን ሊጨማደድ ይችላል። ይህን ሳስረዳ ቡናው ፈልቶ ገነፈለ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ነገርኳቸው፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አውሮፕላኑን በድንገት ልቀቁ ከተባለ ሻንጣ አይያዝም። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ቶኪዮ ሃኔዳ ላይ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ ጋር ተጋጭቶ ተቃጠለ። በውስጡ የነበሩት 379 ሰዎች በሙሉ ወጡ፤ ሻንጣቸውን ትተው ነው የወጡት። ጎረቤቴ ዝም አሉ። ከዚያ «የሰው አደራም ቢሆን?» አሉኝ። የሰው አደራም ቢሆን አልኳቸው።

ሄዱ። በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። ሲመለሱ ቦርሳው ባዶ ይሆናል ብለን ነበር፤ ለካ አዲስ አበባም አደራ አለ። ለአንዱ መድኃኒት፣ ለአንዷ የንባብ መነጽር፣ ለአንዱ ተማሪ ደብተር፣ ለእኔ አንድ ፓኬት ሻይ። ቦሌ ሚዛኑ ላይ ሲያወጡት 7 ኪሎ ከ400 አለ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ከተማው ሞቋቸው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከትተውት ነበር። እዚያው ዚፑን ከፈቱና ጋቢውን አወጡ፤ በቀትር ፀሐይ ደረቡት፤ ቦርሳውን መልሰው ሚዛኑ ላይ አኖሩ።